የወገን ሬሳ

አራሚው ቀለሙ ያልደረቀ ወረቀት በሁለት ጣቱ አንጠልጥሎ የማተሚያ ቤቱን ደረጃ ሁለት ሁለቱን እየረገጠ ወጣ። ምድር ቤት ትልቁ ማተሚያ እየተሞከረ ስለነበር ደረጃው ከእግሩ ሥር ይንቀጠቀጣል፤ የዘይትና የቀለጠ እርሳስ ሽታ እስከ ላይ ይከተለዋል። በዚያ ዘመን ጋዜጣው የሚወጣው ከቀትር በኋላ፣ ሠራተኛው ከየመሥሪያ ቤቱ በሚፈታበት ሰዓት ነበር። ስምንት ሰዓት ላይ የፊተኛው ገጽ በብረት ክፈፉ ታስሮ ወደ ምድር ቤት ካልወረደ፣ ከአዘጋጆቹ ጀምሮ እስከ ወረቀት አጣፊዎቹ ሳይሰደብ የሚያመልጥ ሰው የለም። አሁን ስድስት ተኩል ሆኗል፤ የፊተኛው ገጽ መሃሉ ገና ባዶ ነው።

ባዶ የሆነበትን ምክንያት ሁሉም ያውቃል። የጦር ሜዳ ወሬ ጸሐፊው፣ ሁልጊዜ አፈር ለብሶ ስለሚመጣ «አቧራ» የሚሉት ሰውዬ፣ ማለዳ በወታደር ሞተር ብስክሌት ተፈናጥጦ ደርሷል። ይዞት የመጣው ፊልም በቀጥታ ወደ ጨለማው ክፍል ገባ። ይዞት የመጣው ጽሑፍ ግን ዋናው አዘጋጅ ክፍል ገብቶ እዚያው ቀረ።

አራሚው ኮሪደሩ ላይ ከሻምበሉ ጋር ሊላተም ለጥቂት ተረፈ። ሻምበሉ የጦር ሳንሱር ሹም ነው፤ ጫማው እንደ መስታወት የሚያበራ፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ ተናግሮ የማያውቅ ሰው።

«ቀስ በል ነጠላ ሰረዝ፤ ጦርነቱ እንደሆነ አያመልጥህም» አለው።

ነጠላ ሰረዝ ፊደል ለቃሚዎቹ፣ የእርሳስ ፊደል እየለቀሙ ገጹን የሚደረድሩት፣ ያወጡለት ስም ነው። ወሬ መሃል ቆም ብሎ ትንፋሽ መሰብሰብ ልማዱ ነበር። ዋናውን አዘጋጅ ደግሞ አራት ነጥብ ይሉታል፤ እሱ ከተናገረ በኋላ የሚናገር የለምና። ይህን የሚሉት ግን ከማተሚያው ጩኸት ሥር ሆነው ነው። ፊት ለፊቱ «ክቡር» ይባላል።

ጦርነቱ ሁለተኛ ዓመቱን ይዟል። ወንዙ ድንበር ከሆነ ወዲህ፣ ከወንዙ ወዲህ ያለው ሰው «ወገን»፣ ከወንዙ ወዲያ ያለው «ማዶ» ተብሎ ቀርቷል። ከዚያ በፊት ወንዙ የበግ ማጠቢያ ነበር፤ የዚህ ልጅ የዚያን ልጅ ያገባል፣ የዚያኛው ነጋዴ ከዚህኛው ጋር ተማምሎ ይሸጣል። አሁን ማዶ ዘመድ ያለው ሰው ዘመዱን እንደ ውስጥ ደዌ ይደብቃል።

ከአራሚው ጠረጴዛ በላይ፣ ግድግዳው ላይ፣ የሻምበሉ ማኅተም ያረፈበት ካርቶን ተሰቅሏል። የቃላት ትእዛዝ ነው። የወገን ሰው ይሰዋል፤ የማዶ ሰው ይደመሰሳል። የወገን መንደር ይጠቃል፤ የማዶ መንደር ይጸዳል። ማዶ የሞተ ልጅ ቢኖር ዕድሜው አይጻፍም። አራሚው ካርቶኑን ቀና ብሎ ማየት ካቆመ ዓመት አልፎታል፤ እጁ በቃሉ ይዞታል። እንዲያውም የራሱን ዘዴ ጨምሮበታል። ባለፈው ክረምት የወገን መድፍ ስቶ አንድ ትምህርት ቤት በመታ ጊዜ፣ «ገደለ» የሚለው ቃል መሃል ገጽ ላይ ቆሞ አላላውስ አላቸው። አራሚው ከፊቱ አንዲት «ተ» ጨመረ፤ መጨረሻውን «ሉ» አደረገ። ተገደሉ። በቃ። ገዳዩ ከዓረፍተ ነገሩ ተነሥቶ፣ ኮቱን ለብሶ፣ በሩን ገርበብ አድርጎ ወጣ። ዋናው አዘጋጅ ያን ቀን ትከሻውን መታ መታ አድርጎ «አንተ የምታርመው ፊደል ብቻ አይደለም» አለው። አራሚው ደስ ብሎት ለእናቱ ነግሯት ነበር።

አሁን ጠረጴዛው ላይ የዘረጋው ወረቀት የክሊሼው ሙከራ ነው፤ ክሊሼ የሚሉት ፎቶግራፍ በነጠብጣብ ተበትኖ የሚቀረጽበት የዚንክ ሰሌዳ ነው። ከምስሉ ሥር መግለጫው ተለቅሟል፦ «በመድፍ የተጨፈጬፉ የወገን እናቶች።» አራሚው እንደ ልማዱ ከፊደሉ ጀመረ። «ጬ»ን ሰርዞ «ጨ» አደረገ። ከዚያ ቀለሙ የት የት እንደረጋ ለማየት ማጉያ መስታወቱን ምስሉ ላይ አስቀመጠ። በመስታወቱ ውስጥ የሚታየው ጥቁር ነጠብጣብ ብቻ ነው፤ እዚህ ደቀቅ፣ እዚያ ወፈር ያለ። ቀለሙ ደኅና ነው። መስታወቱን አነሣ።

ግድግዳ ሥር በረድፍ የተኙ ሴቶች ናቸው። ከቀኝ ሁለተኛዋ ፊቷ ወደ ካሜራው ዞሯል፤ አፏ ገርበብ ብሏል፤ አንድ እግር ጫማዋ የለም። እኅቱ ነበረች።

መስታወቱን መለሰ። ነጠብጣብ። አነሣው። እኅቱ።

ከጦርነቱ አራት ዓመት በፊት ማዶ ተድራ የሄደችው እኅቱ፣ ልብስ ሰፊዋ፣ የገበያ ሚዛን ቤት ኃላፊ ሚስት። የመጨረሻ ደብዳቤዋ የደረሰው ድልድዩ በፈረሰ ሰሞን ነው። አንገትጌዋ ላይ ሹል ነጭ ጨርቅ መስፋት ትወድ ነበር። ምስሉ ላይ አንገትጌው ነጭ አልነበረም።

ተነሣ። እግሩ ወዴት እንደሚወስደው ሳያውቅ ወደ ኮሪደሩ ወጣ። አቧራ ከዋናው አዘጋጅ በር አጠገብ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጧል፤ ከጎኑ ጠመንጃ የያዘ ወታደር ቆሟል። ወታደሩ ያዛጋል።

«ይሄ ፎቶ የት ነው የተነሣው?» አለው አራሚው፣ ሰላምታም ሳያቀርብ።

«ማዶ። ገበያቸው ላይ።» አቧራ ከትናንት ጀምሮ እንቅልፍ በዓይኑ አልዞረም፤ ቃላቱን እንደ ድንጋይ እያነሣ ነው የሚያስቀምጣቸው። «ምርኮኛ ሊለዋወጡ የተሻገሩትን ሐኪሞች ተከትዬ ነው የገባሁት። ማክሰኞ፣ ሦስት ሰዓት ላይ፣ ገበያው ሞልቶ ሳለ የእኛ አውሮፕላኖች መጡ። ሁለት ጊዜ ተመላለሱ። ሰማንያ ሦስት ሬሳ ቆጠርኩ። ከዚያ ወዲያ ያለው የሚቆጠር አልነበረም።»

ከጎረቤት አገር ሬድዮ ወሬው ስለተሰማ፣ አራት ነጥብ ቀድሞ መመለስ ፈልጓል ሲል ነገረው። ባለፈው ሳምንት ከወንዙ ወዲህ ባለች አንዲት መንደር ላይ የማዶ መድፍ ወድቆ ሁለት ላሞች ሞተው ነበር። ፎቶው የዚያች መንደር ሆኖ ይወጣል። ሴቶቹም የዚያች መንደር ሴቶች ይሆናሉ።

አቧራ ከደረት ኪሱ አንድ ፎቶግራፍ አውጥቶ ጭኑ ላይ አደረገ። ያልተቆረጠው ነው። ከግራ በኩል የሚዛን ቤቱ ሰሌዳ ይታያል፤ የከተማይቱ ስም በትልቁ ተጽፎበታል። ጋዜጣው ላይ እንዳይታይ ያን ጎን ቆርጠውታል። ከሰሌዳው ሥር አንዲት ሕፃን ተኝታለች፤ አራት ዓመት ቢሆናት ነው። እኅቱ እጇን የዘረጋችው ወደዚያ ነበር። ሰሌዳውን ሲቆርጡ ሕፃኗንም አብረው ቆርጠዋታል።

«ታውቃታለህ?» አለ አቧራ።

አራሚው ቆም አለ፤ ትንፋሹን ሰበሰበ። «እኅቴ ናት» አለ። «ያቺም የእኅቴ ልጅ ሳትሆን አትቀርም። አይቻት አላውቅም።»

አቧራ ክንዱን ያዘ። «አብረኸኝ ግባ። እኔ ብቻዬን ስናገር ከሃዲ ነኝ። አንተ ግን ወንድም ነህ፤ ወንድምን ምን ይሉታል?»

ገቡ። ዋናው አዘጋጅ ከትልቁ ጠረጴዛ ኋላ ተቀምጦ ቀይ እርሳስ ይቀርጻል፤ ሻምበሉ መስኮቱ ጋ ቆሟል። አራሚው የሚለውን ሁሉ አሰካክቶ ነበር የገባው። አፉን ሲከፍት የወጣው ግን አንድ ነገር ብቻ ነው።

«ክቡር፣ ይህቺ ሴት እኅቴ ናት። የሞተችው ማዶ ነው።»

አራት ነጥብ እርሳሱን አስቀመጠ። ተነሥቶ ወንበር ሳበለት፤ ከጠርሙሱ ውሃ ቀድቶ በእጁ ሰጠው። ነፍስ ይማር አለው። የራሱም ወንድም በመጀመሪያው ዓመት እንደወደቀ፣ ሐዘን ምን እንደሆነ እንደሚያውቅ ነገረው። ድምፁ እውነተኛ ነበር፤ አራሚው ውሃውን እየጠጣ ዕንባው መጣ። ሻምበሉ ባርኔጣውን አውልቆ ክንዱ ሥር ያዘው።

ከዚያ አራት ነጥብ ወደ ወንበሩ ተመለሰና «እንግዲህ ስሟን ታውቃለህ ማለት ነው» አለ።

አቧራ ወደ ጠረጴዛው ተጠጋ። ብዙ ነገር ተናገረ፤ ድምፁ ከፍ እያለ ሄደ። በዓይኔ አየሁ አለ፤ የቦምቡ ስብርባሪ ላይ የእኛን ፋብሪካ ምልክት አየሁ አለ፤ በዚህ ጽሑፍ ሥር ስሜ አይወጣም አለ። ሻምበሉ እስኪጨርስ ጠብቆ በሩን ከፈተና ወታደሩን ጠራ። አቧራ ሲወጣ አራሚውን ዞር ብሎ አየው። እስኪናገር እየጠበቀው ነበር። አራሚው ብርጭቆውን በሁለት እጁ ይዞ ወደ ውስጡ ያያል።

በሩ ተዘጋ።

«ወንድምህ የት ነው የሚሠራው?» አለ ሻምበሉ፣ እንደ ጨዋታ።

የጦር ሠራዊቱ ዕቃ ቤት ነው፤ አናጢ ነው፤ የጥይት ሣጥን ይሠራል። ሻምበሉ ይህን ያውቃል። የሁለቱንም የቅጥር ወረቀት ያውቃል። «ማዶ ዘመድ የለኝም» የሚል ዓረፍተ ነገር አለበት፤ ሁለቱም ፈርመዋል። ሻምበሉ ይህን በማስፈራራት አልተናገረም። መንገድ የጠፋበትን ሰው እንደሚመራ ሰው ቀስ አድርጎ ነው ያስረዳው። ሴትዮዋ ማዶ ሞተች ካልን የማዶ ሚስት ነች፤ ሁለት ወንድሞቿ ዋሽተው የጦር ምሥጢር ቦታ የገቡ ናቸው፤ እናትየውም የሰላዮች እናት። ወዲህ ሞተች ካልን ግን ሰማዕት ነች። ማንም ወረቀት አያገላብጥም።

«ክቡር፣ ይሄ... ይሄ ስህተት ነው» አለ አራሚው።

«ስህተት ካለ አርመው» አለ አራት ነጥብ፣ ቀዩን እርሳስ እየዘረጋለት። «ሥራህ አይደል እንዴ?»

አራሚው ስለ እናቱ አሰበ፤ ስለ ወንድሙ እጅ፣ ስለ ሣጥኖቹ፣ ስለ ወንድሙ ሚስት ሆድ አሰበ፤ ስድስት ወሯ ነው። የሞተችው ሞታለች ብሎ አሰበ። ይህን ለራሱ ሲናገር ደንገጥ እንዳለ ዕድሜውን ሙሉ ያስታውሰዋል፤ ቃሉ ካርቶኑ ላይ እንዳሉት ቃላት ቀላል ነበር። እርሳሱን ተቀበለ። በመግለጫው ላይ የእኅቱን ስም ጻፈ። «የዚህ ጋዜጣ ባልደረባ እኅት» የሚል ጨመረበት። አራት ነጥብ ከትከሻው በላይ ጎንበስ ብሎ አነበበና አልጣመውም።

«ማን እንደገደላት ጎልቶ አይታይም» አለው። «'የተጨፈጨፉ' የሚባለው የእኛ ሲሆን ነው። ይሄ የእነሱ ነው። ገዳዩን ከፊት አምጣው።»

አራሚው «የተጨፈጨፉ»ን ሰረዘ። «ማዶዎች ጨፈጨፏት» ብሎ ጻፈ። ወረቀቱን ይዞ ወደ ፊደል ለቃሚዎቹ ወረደ። ለቃሚዎቹ የእኅቱን ስም ሲያዩ አንድ በአንድ ቆባቸውን አወለቁ። ሽማግሌው ለቃሚ ስሟን ከትልቁ ፊደል መሳቢያ ለቀመላት፤ አክብሮት መሆኑ ነው። ከስምንት ሰዓት በፊት ገጹ ታሰረ።

ሲወጣ ከተማው ስሟን ይጮኻል። የጋዜጣ አዟሪዎቹ የሚሸጥ ነገር ሲያገኙ ዜማ ያወጡለታል። አደባባዩ ላይ አንድ እግሩ የእንጨት የሆነ ሻጭ የእኅቱን ስም እንደ ዘፈን እያስረዘመ ይጣራል። ሰዎች እየተሻሙ ይገዛሉ። ፋርማሲው በር ላይ አንዲት ሴት ጋዜጣውን ዘርግታ ስታለቅስ አየ፤ ጓደኛዋ «ምን ዓይነት አውሬ ናቸው እነዚህ ሰዎች» ትላለች። አራሚው አንገቱን ደፍቶ አለፈ። እውነተኛ ዕንባ ነበር፤ የታለቀሰላትም እውነተኛ ሟች ነበረች።

ጋዜጣው ቀድሞት ቤት ደርሷል። ግቢው በጎረቤት ተሞልቷል። እናቱ ፊደል አትቆጥርም፤ ወንድሙ ነው ያነበበላት። አናጢው በሩ ሥር መጋዝ ብናኝ እንደለበሰ ቁጢጥ ብሎ ተቀምጧል፤ ጋዜጣውን አራት ቦታ አጥፎ ደረቱ ላይ ይዞታል። ቀና ብሎ ታላቅ ወንድሙን አየ።

እናቱ ምንጣፍ ላይ ነበረች። አራሚው እግሯ ሥር ወደቀ። እሷ ግን ጭንቅላቱን በሁለት እጇ ይዛ ቀና አደረገችው፤ ዓይኗ ደርቆ የሚያስፈራ ብርሃን ነበረው።

«ተሻግራ ነበር እኮ» አለችው። «ከዚያች መንደር እስከዚህ ምን ያህል ነው፣ የኔ አባት?»

«የአንድ ቀን መንገድ ነው፣ እማዬ።»

«ወደ እኔ እየመጣች ነበር። አየህ? አልረሳችኝም። ድልድይ የለም፣ ጥይት ነው፣ ግን እናቴን ብላ ወጣች።» ደረቷን በጡጫዋ መታ መታ አደረገች። «አንድ ቀን ነበር የቀራት።»

አራሚው ሊናገር አፉን ከፈተ፤ ቆም አለ። በዚያች ቆምታ ውስጥ እናቱ ሌላ ጥያቄ አስገባች። ልጅቱስ? ከእናቷ ጋር ነበረች ወይ? እሱ ያየውን ያውቃል፤ የሰሌዳው ጥላ ሥር የነበረችውን ያውቃል።

«ጋዜጣው ላይ የለችም» አላት።

ይህ እውነት ነው። እናቱ እጇን ወደ ላይ ዘረጋች። ልጅቱ በሕይወት አለች ማለት ነው፤ አንድ ሰው አግኝቶ ወስዷታል፤ እነሱ ወስደዋት ይሆናል። ከዚያ ነገሩ ወደ አማቿ፣ ወደ ልጇ ባል፣ ዞረ። ያን ሰው እንዴት ትወደው ነበር። እሷ በታመመችበት ዓመት፣ ወንዙ ሞልቶ ጀልባ የሚደፍር በጠፋ ጊዜ፣ አዝሏት የተሻገረ ሰው ነው። አሁን ግን በዚያ ሁሉ እሳት መሃል ሚስቱንና ልጁን ብቻቸውን ለመንገድ የለቀቀ ነው። ወይ አልመጣ፣ ወይ አልከለከላት። እሱም ያው ማዶ ነው አለች። አብሮ የተቀመጠው ጎረቤት ሁሉ ራሱን ነቀነቀ።

በማግሥቱ ጠዋት አናጢው ወደ ኳስ ሜዳው ሄዶ ለዘመቻ ተመዘገበ። አራሚው የሰማው ከወንድሙ ሚስት ነው፤ ሆዷን ደግፋ እየሮጠች መጥታ ነገረችው። ደርሶ ሲያይ ሰልፉ የሜዳውን ግማሽ ይዟል፤ ብዙዎቹ ጋዜጣውን በእጃቸው ይዘዋል። አናጢውን ከፊት አውጥተውታል። ሻምበሉ ራሱ ከመድረክ ወርዶ እጁን ጨብጦታል፤ ፎቶ አንሺውም አንሥቶታል።

አራሚው ወንድሙን ክንዱን ይዞ ከውሃ ጋኑ ኋላ ወሰደው። ሁሉንም ነገረው፤ ሚዛን ቤቱን፣ አውሮፕላኖቹን፣ የተቆረጠችውን ሕፃን፣ ቀዩን እርሳስ። ሲናገር አንድም ቦታ ላይ አልቆመም፤ በሕይወቱ እንዲህ ተናግሮ አያውቅም።

አናጢው እስኪጨርስ አዳመጠው። ፊቱ ላይ የተለወጠ ነገር የለም።

«ጋሼ፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ» አለው። «ትናንት ነው የዋሸኸው ወይስ ዛሬ?»

«ትናንት።»

«ትናንት እማዬ ፊት፣ የእትዬ ሞት በተሰማ ቀን የዋሸ ሰው፣ ዛሬ ምን ብዬ ልመነው?» ክንዱን አስለቀቀ። «እንዳልሄድ ፈርተህ ነው። ይገባኛል። አንተ ድሮም የሰው ደም ማየት አትችልም።»

ወደ ሰልፉ ተመለሰ። አራሚው እዚያ ቆሞ ሊጮህ ይችል ነበር፤ ሦስት ሺህ ሰው ይሰማዋል። ሻምበሉ ከመድረኩ ላይ ሆኖ ወደ ውሃ ጋኑ ይመለከታል። እጁን በወዳጅነት አነሣለት። አራሚውም፣ ለምን እንዳደረገው ሳያውቅ፣ እጁን አነሣ።

በዚያን ዕለት ከቀትር በፊት የወንድሙ ፎቶ ጠረጴዛው ላይ መጣ፤ «የእኅቱን ደም ሊመልስ የዘመተው አናጢ» ይላል። ስህተት አልነበረበትም። በሦስተኛው ሳምንት የተሰዉ ወታደሮች ዝርዝር ሲመጣ ከተራ ወታደሮቹ መሃል የአቧራን ስም አገኘ። እርሳሱን ቀምተው ጠመንጃ ሰጥተው ምሽግ ውስጥ ጥለውት ኖሯል። የአባቱ ስም ላይ አንድ ፊደል ተሳስተዋል፤ አራሚው አስተካከለለት። በአምስተኛው ሳምንት ደግሞ በትልቁ ፊደል የማዶዋ የገበያ ከተማ «ጸዳች» ተብሎ ወጣ።

ከዚያ የአናጢው ደብዳቤ መጣ። አራሚው መጀመሪያ በር ላይ ቆሞ ብቻውን አነበበው። የወንድሙ የእጅ ጽሑፍ ልክ እንደ ሥራው ነው፤ ቀጥ ያለ፣ የማይዝረከረክ። ከተማይቱን ማለዳ እንደገቡባት ይናገራል። ወንዶቹን ሰብስበው ግድግዳ ሥር እንዳሰለፏቸው፣ ከመሃላቸውም አንዱ በስሙ እንደጠራው ይናገራል። «አማቻችን ነበር» ይላል። «ዐወቅሁት። ልጅቱስ አልኩት፤ ከእናቷ ጋር ቀብሬያታለሁ አለኝ። እናንተ ናችሁ በአውሮፕላን የፈጃችኋቸው አለኝ። ጋዜጣውን አውጥቼ አሳየሁት፤ አይቶ ፊቱን አዞረ። ጋሼ፣ አንተም ያን ዕለት እንደዚሁ ብለኸኝ ነበር። ወሬውን ከየት ሰምተህ እንደፈራህ አላውቅም፤ ይቅር ብዬሃለሁ። ሰውየውን ለሌላ አልሰጠሁትም፤ በገዛ እጄ ነው የጨረስኩት። ለእማዬ ንገራት፤ የእትዬ ደም ሜዳ ላይ አልቀረም።»

«የማነው እሱ?» አለች እናቱ ከውስጥ። «የልጄ ነው? ና አንብብልኝ።»

ገብቶ አጠገቧ ተቀመጠ። ከዚያች ቀን ወዲህ ሰውነቷ ጨርሶ ሟሟ፤ ጆሮዋ ግን ደኅና ነው። ማንበብ ጀመረ። ሰላምታውን አነበበላት፤ ማለዳውን፣ ግድግዳውን፣ በስሙ መጠራቱን ሁሉ አነበበላት። «አማቻችን ነበር፤ ዐወቅሁት» የሚለው ላይ ሲደርስ ዓይኑ የሚከተሉትን መስመሮች ተሻገራቸው። «ሰውየውን ለሌላ አልሰጠሁትም፤ በገዛ እጄ ነው የጨረስኩት» ብሎ ቀጠለ።

እናቱ እጇን ደብዳቤው ላይ አሳረፈች።

«ምንም አልተናገረም? ከመሞቱ በፊት?»

«ምንም የተናገረው የለም፣ እማዬ።»

«ልጅቱስ?»

«አላገኛትም።»

እናቱ ነጠላዋን ከትከሻዋ አውርዳ ፊቷን ጠረገችበት። ስትገልጠው፣ ከሐዘኑ ቀን ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ፊቷ እንደ ጥንቱ ተፈትቶ ነበር።

«እጁ ይባረክ» አለች። «ያን ሰው ነበር ልጄ ብዬ የመረቅሁት። እጁ ይባረክ የልጄ።» ወደ እሱ ጠጋ ብላ ጉልበቱን ነካች። «እስቲ እዚያችን ቦታ ድገምልኝ። ግድግዳው ሥር ካቆሙት ጀምረህ።»

ደገመላት። በሁለተኛው ንባብ፣ የዘለላቸው መስመሮች መኖራቸው ጨርሶ አያስታውቅም ነበር።